ምሥጢር ሲነበብ ማን ይጠብቀዋል?

ምሥጢር እንዳይወጣ የሚጠነቀቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ደብዳቤው በሣጥን ሳለ እንዲቆለፍ፣ ሁለተኛውም በመንገድ ሳለ እንዲታሸግ ነው። ነገር ግን ሦስተኛ ሰዓት አለ፤ ይኸውም ደብዳቤው ተከፍቶ የሚነበብበት ሰዓት ነው።

ይህን ያስተዋልሁት ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። በሰፈራችን ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ከልጆቻቸው ደብዳቤ ሲመጣላቸው እኔን ያስጠሩኝ ነበር። ፖስታው በሚገባ ታሽጎ ይመጣል፤ ከተነበበም በኋላ በሣጥን ይቆለፋል። በመካከሉ ግን የቤቱን ገመና ሁሉ እኔ እሰማ ነበር።

ዛሬ ደብዳቤ የሚያነብልንና የሚጽፍልን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሆኗል። በቅርቡ አንድ መዝገብ ቤት የሚሠራ ወዳጄ፣ «የባለጉዳዮችን ማመልከቻ ለዚህ ማሽን ሰጥቼ አሳጥርልኝ ብለው ምን ችግር አለው?» ሲል ጠየቀኝ። በማመልከቻው ውስጥ የሕመም፣ የፍቺና የዕዳ ታሪክ አለ፤ ምሥጢሩም የባለጉዳዩ እንጂ የጸሐፊው አይደለም።

የኮምፒውተር ሊቃውንት በመንገድና በማከማቻ ያለውን መረጃ በምስጠራ መሸፈን ከቻሉ ቆይተዋል። ማሽኑ እንዲሠራበት ግን መረጃው መገለጥ ነበረበት፤ በዚያን ጊዜ የማሽኑ አስተዳዳሪ ወይም ሰርጎ የገባ ሌባ ሊያየው ይችላል። ለዚህ የተገኘው ዘዴ «ኮንፊደንሻል ኮምፒውቲንግ» ይባላል። በቺፑ ላይ የተከለለ ክፍል ይዘጋጃል፤ መረጃው የሚገለጠው በዚያ ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ የማሽኑ ባለቤት እንኳ ከውጭ ሆኖ እንዳያየው ይከለከላል። ኢንቴል ይህን የመሰለውን ክፍል የያዙ ቺፖች እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ አቀረበ፤ ኤንቪዲያ ደግሞ በ2022 ይፋ ባደረገው ኤች 100 በተባለው ቺፕ ዘዴውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ አዋለው።

ከዘዴው ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ማረጋገጫው ነው። መረጃው ከመላኩ በፊት ቺፑ በውስጡ የሚሠራው ፕሮግራም የትኛው እንደ ሆነ ፈርሞ ያሳያል፤ ፊርማው ካልተስማማ ምንም አይላክም። እነዚያ እናቶች አፌን ከማመን በቀር ምርጫ አልነበራቸውም፤ በዚህ ዘዴ ግን አስቀድሞ መርምሮ ማመን ይቻላል።

ይሁን እንጂ መከለያው እንከን የለሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች «ፎርሻዶ» በተባለ ጥቃት ከኢንቴል ክፍል ውስጥ ምሥጢር ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ኩባንያውም ማስተካከያ አውጥቷል። ደግሞም በውስጡ ያለው ፕሮግራም ራሱ ምሥጢሩን አሳልፎ እንዲሰጥ ተደርጎ ከተጻፈ፣ መከለያው አያድንም። ስለዚህ አመኔታችን ከማሽኑ አስተዳዳሪ ወደ ቺፑ ሠሪና ወደ ፕሮግራሙ ጸሐፊ ተዛወረ እንጂ ጨርሶ አልቀረም።

ለወዳጄ እንዲህ አልሁት፦ «መሥሪያ ቤትህ ፈቅዷል ወይ? አገልግሎቱስ ይህን ማረጋገጫ ያሳያል ወይ? የተቀበለውንስ ያስቀራል ወይስ ያጠፋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እስክታገኝ ድረስ ማመልከቻውን በእጅህ አሳጥር። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 አለ።»

እርሱም ሥራው እንደሚበዛበት ነገረኝ። እውነቱን ነው፤ የማመልከቻው ክምር ከጠረጴዛው በላይ ነው። ነገር ግን ባለጉዳዩ በመስኮቱ በኩል ወረቀቱን ሲሰጥ ገመናውን ያመነው ለእርሱ ነው፤ ያን አደራ ለሌላ ለማስተላለፍ የተቀባዩን ማንነት ማወቅ ይገባል።