ቀዩ ጨርቅ ይነሣ ወይስ ይቆይ?

አንባቢ ሆይ! ነገሩ ስለ ጨዋታ ነው። «ጨዋታ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆኖ!» ትል ይሆናል። እኛ ግን ስድስት ጓደኛሞች በዚሁ ጨዋታ ሳቢያ ሦስት ሳምንት ያህል ተኮራርፈናልና ቁም ነገር ነው ብለን ጽፈነዋል።

የምንማረው ልደታ፣ ከሕንፃ ኮሌጁ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለችው ጀበና ቡና እንሰበሰባለን። ሁለት ዓመት ሙሉ በርጩማ ከበን የተጫወትነው ዓለም የሚያውቀውን ቼዝ አልነበረም፤ የድሮውን የአገራችንን ሰንጠረዥ ነው። የወረስነው ግን ከአያት አይደለም፤ ከወረቀት ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመውን ጽሑፍ አንዳችን ከስድስት ኪሎ ኮፒ አድርጎ አመጣ፤ ሌላችን ቀይ ጨርቅ ገዛ፤ በጥቁር ጥብጣብ ስምንት በስምንት አድርገን ከፋፈልነው። ጠጠሮቹን ለሞዴል ሥራ ከተረፈን እንጨት ጠረብናቸው።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ እንዲህ ነው። ንጉሥ፣ ፈረስና ደር እንደ ዛሬው ቼዝ ንጉሥ፣ ፈረስና ግንብ ናቸው። ንግሥት ግን የለችም፤ በእሷ ቦታ ያለው ፈርዝ ነው፤ እሱም በሰያፍ አንዲት እርምጃ ብቻ ይሄዳል። ፊል በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል። እግረኛው መደቅ ይባላል፤ አንድ አንድ እያለ ያዘግማል። ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም! ሁለቱም ተጫዋቾች እንዳሻቸው እኩል ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ ያንዱን ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ይኸ «ወረራ» ይባላል። ተራ የሚያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ደግሞስ ጨዋነቱ! ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግ ነውር ነው። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግም እንደ ተራ ድል ይቆጠራል፤ በፊል፣ በፈርዝ፣ በመደቅ ያሸነፈ ግን ይመሰገናል።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት አንዷ ጓደኛችን የቼዝ ገበታ ከነሰዓቱ ይዛ መጣች። የካምፓሶች ውድድር አለ፤ እንግባ አለች። ከመሃላችን ብልኋ ተጫዋች እሷ ናት።

«በዚህኛው ከጎንደር እስከ ቦነስ አይረስ ከማንም ጋር መጫወት እንችላለን» አለችን። «በዚያኛው ግን ከእኛ ከስድስታችን በቀር ማን አለ?»

እውነቷን ነው፤ መልስ አጣን። አንዱ ልጅ ብቻ «የአባቶቻችን ነው!» ብሎ ጮኸ። እሷም ሳቀችበት። ፊል በዐረብኛ ዝሆን ነው፤ ፈርዝ ከፋርስ የመጣ ቃል ነው፤ ሰንጠረዥ የሚለው ስም ራሱ ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል አድርጎ የደረሰን ነው። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ፈርዝን ንግሥት አድርገው ገበታውን ሙሉ ሲያስሮጧት እኛ በአሮጌው እትም ቀጠልን፤ ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ ወዲህም ጨዋታው እየጠፋ መጣ። የምንሟገትለት «የአባቶቻችን» የተባለውም ለካ አንድ እትም ኖሯል።

እንዲህ ያለው ጭቅጭቅ የእኛ ብቻም አይደለም። ውጭ አገር ጠረጴዛ ከበው ተረት እየፈጠሩ፣ እያንዳንዱም የገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ የሚጫወቱት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባል ጨዋታ አለ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። አራተኛው እትም በ2008 ሲወጣ ተጫዋቹ ለሁለት ተከፈለ፤ ብዙዎቹ አሮጌውን መጽሐፋቸውን ይዘው ቀሩ። ይህን ስንሰማ «ኧረ ሰዎቹ ሥራ ፈት ናቸው!» ብለን ስቀን ነበር። ሳቁ በእኛው ላይ ዞረ።

በመጨረሻ ድምፅ ሰጠን። አራት ለአዲሱ፣ ሁለት ለአሮጌው። ቀዩ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቦርሳ ገባ።

ከዚህ ላይ ስለ ጋሼ መናገር አለብን። ጋሼ የድሮው ልደታ ሰው ናቸው። ሰፈሩ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲቆም አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው፤ ጎረቤቶቻቸው ግን የትም ተበትነዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀስ እያሉ ደረጃውን ወርደው ከእኛ ጋር ይቀመጡ ነበር። ዳማ እንጂ ሰንጠረዥ አያውቁም ነበር፤ ከእኛ ተማሩት። ወረራው ላይ ግን የሚያህላቸው አልነበረም! «አንተ ልጅ፣ ፈረስህ ተኝቷል!» ይላሉ፤ ሲብስባቸውም እጃቸውን ሰደው ያንቀሳቅሱልናል። ማንም አይከፋውም። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ያየውም ይኸንኑ ነው፤ ባሮች ሳይቀሩ በጨዋታው ጣልቃ እየገቡ ይመክሩ ነበር።

ቼዙ የመጣ ዕለት ጋሼ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ሰደዱ። «ጋሼ፣ አይነካም» አልናቸው፤ በትሕትና ነው ያልነው። «የነካነውን ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው። መናገርም አይፈቀድም፤ ሰዓት እየቆጠረ ነው።» «እህ... ይቅርታ ልጆች» አሉና እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ቡናቸውን ጠጥተው ተነሡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም። በሦስተኛውም አልመጡም።

እኛ ስንከራከር የነበረው ስለ ንግሥት እርምጃ ነበር። ደንብ የሚወስነው ጠጠር እንዴት እንደሚሄድ ብቻ ይመስለን ነበር። ለካ ከገበታው ዙሪያ ማን አፍ እንዳለውም የሚወስነው እሱው ነው! ይህን ያሰላ ከስድስታችን አንድም አልነበረም፤ ለአሮጌው ድምፅ የሰጡት ሁለቱም ቢሆኑ።

በአራተኛው ቅዳሜ መጀመሪያ የተነሣችው ያችው ባለሰዓቷ ልጅ ናት። «ጨርቁ የት ነው?» አለች። አራተኛ ፎቅ ወጥተን አንኳኳን። ጋሼ በሩን ከፍተው ስድስታችንን አዩን፤ ምንም አላሉም። ጨርቁን መሬት ላይ ዘረጋነው።

ውሳኔያችን ይኸው ነው፦ ማክሰኞ ማክሰኞ ቼዝ ነው፤ እሷ ለውድድሩ ትሄዳለች፣ እኛም በዝምታ እናለማምዳታለን። ቅዳሜ ግን የቀዩ ጨርቅ ነው። ሁለት ጌታ የሚያገለግል አንዱንም አይጠቅምም የምትለን አንባቢ ብትኖር አንከራከርም፤ በቼዙ ምናልባት መካከለኛ ሆነን እንቀራለን። ይቅር፣ እንቅር።

ያን ቀን ጠጠሮቹን ደርድረን ሳንጨርስ ከአናታችን በላይ ድምፅ ሰማን።

«ምን ትጠብቃለህ? ፈረስህን አውጣው እንጂ!»