በመገናኛ ባሕር

አባቴ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፤ ምጽዋን ከየካቲት 1982 ዓ.ም. ወዲህ አላዩዋትም። ዓይናቸው ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ስለሆነ፣ ጨርሶ ሳይጨልም ትንሽ ባሕር ላሳያቸው ብዬ መገናኛ ባለው ቤታችን የመስታወት ገንዳ አቆምሁ።

ባሕር መሥራት ለካ ቀላል ነው፤ 60 ሊትር የተጣራ ውሃ፣ ለእያንዳንዱ ሊትር 35 ግራም የባሕር ጨው፣ 25 ዲግሪ ሙቀት። የአፋር አሞሌ የደረቀ ባሕር ቅሪት ቢሆንም ለዚህ አይበቃም፤ ኮራል አጥንቱን የሚገነባበት ካልሲየም ይጎድለዋል።

አስቸጋሪው መጠበቁ ነው። ከዓሣ የሚወጣው አሞኒያ መልሶ ዓሣውን ይገድለዋል። በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች በድንጋዩ ላይ ተራብተው አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት እስኪለውጡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ ቀንድ አውጣ፣ ቀጥሎ ሁለት ትንንሽ ዓሦች፣ ውሃው ሲረጋ ኮራል።

«ዓሦቹን ቶሎ ላምጣቸው?» አልኋቸው፤ ዓይናቸውን እያሰብሁ።

«እኔ እንዳይ ብለህ አትግደላቸው» አሉኝ።

ዛሬ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ገንዳው ለሚያየው ሁሉ ባዶ ነው። አባቴ ግን ማታ ማታ ጆሯቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው ውሃው ሲናወጥ ያዳምጣሉ።