የእህቴ በሬዎችና የመስታወቱ ሣጥን

ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ምንዛሪ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ዛሬ ስለ ጌም መጫወቻ ኮምፒዩተር ልጽፍ መነሣቴ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገሩ የመጣው ግን ከቤተሰብ ነው፤ ከይጁቤ።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን እህቴን ልጠይቅ ወረድሁ። ቡናው ሳይፈላ ጉዳዩዋን አቀረበች። «ዶክተር ተብለሃል፤ እስቲ ፍረድ። ይኽ ልጅ በሬዎቹን ሸጠሽ ኮምፒዩተር ግዥልኝ ይለኛል። አሜሪካ ያለው ወንድማችን ግማሹን እችላለሁ ብሏል። ይበጃል ወይስ ይቅር?»

ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ፣ እርሱ ከአዲስ አበባ በፍላሽ የመጡለትን ቪዲዮዎች እየደጋገመ ያይ ነበር። የሚያያቸው ጎናቸው መስታወት የሆነ፣ በውስጣቸው ቀይና ሰማያዊ ብርሃን የሚፈስስባቸው፣ ተገጣጥመውና ተፈትሸው ከነዋስትናቸው የሚሸጡ ውድ ማሽኖችን ነው። አንዱንም በእጁ ነክቶ አያውቅም። ነገር ግን የኢንቪዲያ አርቲኤክስ 5090 ካርድ 32 ጊጋባይት እንዳለው፣ 575 ዋት እንደሚስብ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ሲወጣ 1,999 ዶላር እንደተተመነ፣ ሌላው ዳዊት እንደሚደግም ሳይሳሳት ይነግራችኋል።

ከእኔ የሚጠበቀው ፍርድ ግልጽ ነበር። ያ ካርድ ብቻውን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ማለፉን ስንት ጊዜ ጽፌበታለሁ! ልጁ በትሕትና የመረጠው ዝቅ ያለውን ማሽን ነው፤ እርሱም ቢሆን ከዓመት ደመወዜ ይበልጣል። «ቅንጦት ነው» ብዬ ቡናዬን መጠጣት እችል ነበር። አፌን የያዘኝ የራሴ ታሪክ ነው።

የዶክትሬት ትምህርቴን በውጭ አገር ስጨርስ፣ ከድጎማዬ ቆጥቤ ይህንኑ የመሰለ ማሽን ገዝቼ ነበር። ለባለቤቴ «ለመረጃ ትንተና ነው» አልኋት። (ሐሰት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2012 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሌክስኔት የተባለውን ዝነኛ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ያሠለጠኑት በሁለት የጌም ካርዶች ነበር።) ሌሊት ሌሊት ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 «ሲቪላይዜሽን 6» የተባለው ጨዋታ ምኒልክን ከጨመረ ወዲህ፣ ንጉሠ ነገሥቱን ይዤ አገር ሳቀና ይነጋ ነበር።

የማረከኝ ግን ጨዋታው አልነበረም። ሣጥኑን ከፍቼ ሶኬት ላይ ስሰካው ሠራ፤ ይኸው ነው። ተጀምሮ በቀረ መንገድ፣ ቧንቧው ተቀብሮ ውሃው ባልመጣበት ሰፈር፣ ኮምፒዩተሩ ገብቶ መስመሩ ባልተዘረጋበት ቤተ ሙከራ ላለፈ ሰው፣ ምንም ሳይጠይቀው ያለቀለት ነገር ሲገጥመው እንዴት እንደሚያባብል! የነገሩ ፍቅር የያዛቸው ሰዎች በዚህ ይከራከራሉ። ራሱ የሚገጣጥመው ወገን የተገጣጠመ የሚገዛውን ይንቀዋል፤ በእኛ ቅኔ ቤት የሰው ቅኔ ይዞ የሚቀርብ ተማሪ እንደሚናቀው። ሌላው ወገን ጊዜዬንና ዕረፍቴን ገዛሁበት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ካርድ ከገበያ በጠፋ ጊዜም፣ ብዙዎች ካርዱን በደኅና ዋጋ ያገኙት ሙሉውን ማሽን በመግዛት ነበር።

ማሽኔን ይዤ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። በአራተኛው ወር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንድ ጊዜ ጧ አለና ዝም አለ። የተቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ ነበር፤ ተራ ነገር። አዲስ አበባ ድረስ ተሸክሜው ሄድሁ። ጥገና የሚሠራው ወጣት ከፈተውና ሳቀ። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤቲኤክስ የሚባል የጋራ መለኪያ አለ፤ በእርሱ የተሠራ ዕቃ ከየትም ሱቅ ይተካል። የእኔን ግን ሠሪው ለራሱ ብቻ በቀረጸው ቅርጽና መሰኪያ ነበር የሠራው። መለወጫው ከእርሱ ብቻ ይገኛል፤ እርሱ ወደ እኛ አገር አይልክም፤ ዋስትናውም ከተገዛበት አገር አይወጣም። ለካ ያለቀለት መስሎ የታየኝ ነገር፣ ያለቀለት በዚያ አገር መብራትና በዚያ አገር ፖስታ ቤት ኖሯል። (ተገጣጥመው የመጡልንን ርዕዮተ ዓለሞች እዚህ ላይ ማንሣት አምሮኝ ነበር፤ ዛሬ ልለፈው።)

ይህን ሁሉ ለእህቴ እያወራሁላት ሳለ ምጣዱን ሰካችና አምፑሉ ፈዘዘ። ምጣዱ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ የልጁ ማሽን አንድም አይሞላ። ከባሶ ሊበን ቆላ ሥር በሚያልፈው ዓባይ ላይ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መርቀናል፤ እኔም ከእልልታው ነበርሁበት። የእህቴ አምፑል ግን ይርገበገባል።

«እና ይቅር ነው የምትለው?» አለች።

«ያለቀለቱ ይቅር። በሬዎቹም ይቆዩ። ያገለገለም ቢሆን በጋራው መለኪያ የተሠራውን እያየ፣ አንድ አንድ ዕቃ ይግዛ። ከሁሉ በፊት ስታቢላይዘር።»

ልጁ አቀርቅሮ ቆየና «ጋሼ፣ እርስዎ ግን ያለቀለቱን ገዝተው ነበር» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ይዤው መጣሁ። ባለቤቴ ማሽኑን ዳንቴል አልብሳ የአበባ ማስቀመጫ አድርጋዋለች። አበባውን አንሥተን ከፈትነው። ልጁ ብሎኖቹን ፈትቶ ግራፊክስ ካርዱን ሲያወጣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በሸሚዙ ጫፍ አቧራውን ጠረገና ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው። «ይኸኛው እንኳ አልሞተም ይሆናል» አለ።

ካርዱ አሁን ይጁቤ ነው፤ በፌስታል ተጠቅልሎ ከእህቴ የልብስ ሣጥን ተቀምጧል። ስታቢላይዘሩ ተገዝቷል። ቀሪው ገና ነው። በሬዎቹ ዘንድሮም አርሰዋል።