አሥራ ስድስት ቃላት

ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2023 «ኮኔክሽንስ» የተባለ የቃላት እንቆቅልሽ ጀመረ። በየዕለቱ 16 ቃላት ይቀርባሉ፤ ፈቺው አራት አራት አድርጎ ይመድባቸዋል። አራት ጊዜ የሳተ ጨዋታው ያበቃበታል። ተንኮሉ አንዱ ቃል ለሁለት ለሦስት ምድብ የሚበቃ መስሎ መታየቱ ነው። ቅኔ ለለመደ ጆሮ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰሙን ይዘው ሲሮጡ ወርቁ ከኋላ ይቀራል።

ከምድቦቹ ሁሉ ዓለም የሚያነባቸው መጽሔቶች ሲገጥሙኝ ደስ ይለኛል። «ታይም»፣ «ላይፍ»፣ «ፎርቹን»፣ «ፒፕል»። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። «ታይም» እና «ላይፍ» የእስር ዘመን መጠሪያም ናቸው፤ «ፎርቹን» ከዕድልና ከዕጣ ጎን ይሰለፋል። እኔ ግን ቃሎቹን አስቀድሜ ያወቅኋቸው በስምነታቸው ነው። «ታይም» ጊዜ ማለት መሆኑን ሳልማር፣ በእግረኛ መንገድ ዳር ከተዘረጉት አሮጌ መጽሔቶች መካከል ቀይ ክፈፉን እለየው ነበር። ለሌላው የተሰወረው ለእኔ ግልጥ፣ ለሌላው ግልጥ የሆነው ለእኔ ስውር ነው።

አራቱ ደግሞ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። «ታይም» በ1923፣ «ፎርቹን» በ1930፣ «ላይፍ» በ1936፣ «ፒፕል» በ1974 እ.ኤ.አ. ከአንድ አሳታሚ ወጡ። «ላይፍ» የሚለው ስም እንኳ ከሌላ የቀልድ መጽሔት በገንዘብ የተገዛ ነው። ሕይወትን ያህል ቃል ዋጋ ተቆርጦለት ተሸጠ! የእኛም ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1936 እ.ኤ.አ. «የዓመቱ ሰው» ተብለው በ«ታይም» ሽፋን ላይ ወጥተዋል። ጦርነቱ ያኔ አገር ውስጥ ገብቶ ነበር።

አንድ ቀን የራሳችንን መጽሔቶች እንዲህ ብደብቃቸውስ አልኩና ወረቀት አነሣሁ። ገና ስጀምር የአማርኛው ሀብት አስደነቀኝ። «የካቲት» የ1966ቱን አብዮት ስም ይዞ የወጣ መጽሔት ነው፤ ነገር ግን ከጥር፣ ከመጋቢት፣ ከሚያዝያና ከግንቦት ጋር ቢቀመጥ ማን ይጠረጥረዋል? «መነን» ከጣይቱ፣ ከዘውዲቱ፣ ከምንትዋብና ከእሌኒ መካከል ትሰወራለች። «እፎይታ» ከፋታ፣ ከዕረፍት፣ ከጸጥታና ከእርጋታ ጋር ይቀላቀላል። «ጦቢያ» ብቻ መደበቂያ አጣች፤ የአገር ስም፣ የልብ ወለድ ርእስ፣ የባለታሪኳም መጠሪያ ስለሆነች የትም ትገባለች፣ የትም አትረጋም።

ወረቀቱን ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት። ልጅቷ እንግሊዝኛውን በየማለዳው የምትፈታ፣ ከእኔም የምትፈጥን ናት። ወራቱ አምስት ሆኑባት፤ እቴጌዎቹም አምስት።

«ጋሼ፣ ጦቢያን ከሴቶቹ ጋር ላድርጋት?» አለችኝ።

«ስድስት ይሆኑብሻል» አልኋት።

ሳቀች። ከየምድቡ አንዱን እያወጣች ሞከረች። ግንቦትን አውጥታ መለሰችው፤ እሌኒን አውጥታ መለሰቻት። በመጨረሻ ሦስቱ ምድቦች ሞሉና አራት ቃላት ከታች ተረፉ። የጨዋታው ሕግ ይፈቅዳል፤ የመጨረሻዎቹ አራት ምን እንደሚያስተሳስራቸው ሳያውቁም ማሸነፍ ይቻላል።

አሸንፋለች። ወረቀቱን ግን አልመለሰችልኝም። በአራቱ ቃላት ዙሪያ በእርሳስ ክብ አድርጋ፣ «እነዚህስ የምን ናቸው?» አለችኝ።