የወፍጮው ዘመድ

አሜሪካ ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን ወደ ደቡብ ከአንድ ሰዓት በላይ ከነዳን በኋላ ጋሼ መኪናውን ቀስ አደረጉና «ካልቨርት ክሊፍስ ይኸውልህ» አሉኝ። አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። ዛፍ ብቻ። ጢስ የለም፤ በፎቶ የለመድኩት ወገበ ቀጭን የማቀዝቀዣ ማማም የለም። የኑክሌር ጣቢያው የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ ውሃ እየሳበ ይቀዘቅዝበትና መልሶ ይለቀዋል። አንደኛው ማብላያ በ1975፣ ሁለተኛው በ1977 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ሥራ የጀመሩ ናቸው። እኔ የይፋግ ልጅ ነኝ፤ ትልቅ ሞተር ባለበት ጢስ አለ ብዬ ነው ያደግሁት።

ጋሼ የደብረ ታቦር ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሰው ከወረቀት ጋር ሲታገል ማየት ይወዳሉ። «ይሄ ሁሉ ጸጥታ የአየር ብክለት ፈቃድ የሚያወጣ ነገር ነው ብልህ ታምነኛለህ?»

«ለጨረሩ?»

«ኧረ ለናፍጣው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ማብላያው ቢጠፋም እንኳ ውስጡ መጋሉን አይተውም፤ ውሃ መዞር አለበት። መብራት ከውጭ ከተቋረጠ ፓምፑን የሚያዞሩት ትልልቅ የናፍጣ ጄኔሬተሮች ናቸው። በ2011 በጃፓኑ የፉኩሺማ ጣቢያ ላይ ማዕበሉ እነሱን ስላጥለቀለቀ ነው ያ ሁሉ አደጋ የደረሰው። ስለዚህ በየጊዜው እያስነሱ ይፈትሿቸዋል፤ በተነሱ ቁጥር ጥላሸትና የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ይተፋሉ። ለካ ያ ሁሉ የተራቀቀ ሳይንስ በጭንቅ ቀን የሚደገፈው በኛ የናፍጣ ወፍጮ ዘመድ ላይ ነው!

በ1990 የተሻሻለው የአሜሪካ የአየር ሕግ ትልልቅ በካዮች ሁሉንም ግዴታቸውን በአንድ ላይ የያዘ ፈቃድ እንዲያወጡ ያዛል፤ ዕድሜው ከአምስት ዓመት አይበልጥም። ረቂቁ ለሕዝብ ይወጣል፤ ቢያንስ 30 ቀን አስተያየት ይሰጥበታል። ከዚያ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት 45 ቀን አለው። እሱ ዝም ካለ ማንም ሰው በ60 ቀን ውስጥ «ተቃወምልኝ» ብሎ አቤት ማለት ይችላል። ዘዴው ያለው እዚህ ላይ ነው፦ በ30ው ቀን በዝርዝር ያልተነሳን ነገር፣ በቂ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ በኋላ ማንሳት አይቻልም።

ሰው ግን የሚሰጋው ለናፍጣው አይደለም፤ ለጨረሩ ነው። ጨረሩ ደግሞ በሌላ ኬላ ያልፋል። ከኃይል ማመንጫ በአየር የሚወጣውን ጨረር የአካባቢ ጥበቃው በ1995 ለኑክሌር ተቆጣጣሪው ኮሚሽን ትቶለታል። ጨረር ፈርቶ የመጣ ሰው «ያ በዚያኛው መስኮት ነው» ይባላል። አንድን አየር ለሁለት ቢሮ ማካፈል ለኔ አልዋጥልህ ብሎኛል። የኑክሌር ተቃዋሚዎችም ዋናው በር ሲዘጋባቸው ነው በናፍጣው ቀዳዳ ሾልከው የሚገቡት፤ አልፈርድባቸውም።

በትልቁ በር የገባም ነበር፤ ያውም በዚሁ ጣቢያ። ገና ሳይጠናቀቅ ነዋሪዎች የያኔውን የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ከሰሱ። ኮሚሽኑ ባለጉዳይ ካላነሳው በቀር አካባቢውን መመርመር አይጠበቅብኝም ባይ ነበር። በሐምሌ 1971 ዳኛ ስኬሊ ራይት የጻፉት ፍርድ፣ ዳር ቆሞ መጠበቅ አይቻልም፣ ራስህ መርምር የሚል ነበር። የአገሪቱ የኑክሌር ፈቃድ አሰጣጥ ተናጋ። ጣቢያው ግን ተሠራ። በ2000ም ከአሜሪካ ማመንጫዎች ሁሉ ቀድሞ የ20 ዓመት ማራዘሚያ አገኘ።

«አሸንፈው ተሸነፉ በሉኛ» አልኳቸው።

«አሸንፈው ተሠራ» አሉ ጋሼ። «ይለያያል።»

ይህን ሳነሳ የኛው የብክለት አዋጅ ቁጥር 300/1995 (ዓመቱ እንደኛ አቆጣጠር ነው) ትዝ አለኝ። አንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በካይን ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መክሰስ ይችላል ይላል። በ30 ቀን መልስ ካጣ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሠላሳና ስድሳ፤ ቁጥሩ እንኳ ገጠመ። አሜሪካ ፍርድ ቤት ደጅ ላይ «አንተን ምን ነካህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በወረቀት የኛ ይሰፋል። በተግባር ግን አንድ የመብት ድርጅት በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት መሥሪያ ቤቱን ከሶ መዝገቡ ተዘግቶበታል። በመስከረም 2018 (እንደኛ አቆጣጠር) ደግሞ ኢትዮጵያና ሩሲያ ሞስኮ ላይ የኑክሌር ጣቢያ የተግባር ዕቅድ ተፈራርመዋል፤ እነዚያ 60 ቀናት አንድ ቀን በብርቱ ይፈለጋሉ ብዬ እገምታለሁ።

ባሕሩ ዳር ወረድን። ልጆች አሸዋ እያበጠሩ የጥንት ሻርክ ጥርስ ይለቅማሉ። ይፋግ ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ ከኋላው ወፍጮው ይንዶቀዶቃል።

«የዚያ ወፍጮ ባለቤት ፈቃድ አለው?»

«የንግድ ነው?»

«የጢሱ።»

ወፍጮው ድምፄን ውጦት ይሁን ጥያቄው ገርሞት እንጃ፣ ዝም አለ። ቆይቶ «ስማ፣ ጤፉ ወረፋው ደርሶታል፤ ማታ ደውል» ብሎ ዘጋው።