ሁለት ድምፅ፣ 13 አልበም

የሮክ ሙዚቃ ሲነሣ በብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ጩኸትና ፍጥነት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ወጣት ድራሙን እየደበደበ፣ ጉሮሮው እስኪነቃ እየጮኸ የዘመኑን ቁጣ ይናገር ነበር። በዚያው ወቅት፣ በ1993፣ በሰሜን ሚኒሶታ በምትገኘው በዱሉት ከተማ ሦስት ሰዎች ተሰባስበው ተቃራኒውን ሞከሩ፤ ዝግ ብለው፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው መጫወት ጀመሩ። ለቡድናቸው ያወጡለት ስም «ሎው» ነው። ቃሉ በአማርኛ «ዝቅ ያለ» ማለት ሲሆን የድምፅንም የመንፈስንም ዝቅታ በአንድነት ይሸከማል።

ሚኒሶታ ለዚህ ቀጠና አንባቢ እንግዳ ስም አይደለም። ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ የተሰደዱ ብዙ ቤተሰቦች በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ጎጆ ቀልሰዋል። ዱሉት ግን ከዚያ ወደ ሰሜን 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሱፒሪየር ሐይቅ ጫፍ ላይ የተቀመጠች የብረት ማዕድን ወደብ ናት። ሐይቁ በስፋቱ ጣናን ከሃያ እጥፍ በላይ ይበልጣል፤ የበረዶውም ወቅት ረዥምና ብርቱ ነው። የሎውን ዘፈኖች ለሚያደምጥ ሰው ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ በዘፈኖቹ ውስጥ በአንዱ ምትና በሌላው መካከል የሚተወው ክፍት ቦታ በረዶ የሸፈነውን ሜዳ ያስታውሳልና።

ጊታር የሚጫወተው አለን ስፓርሃውክና ድራም የምትመታው ሚሚ ፓርከር ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ፣ በኋላም የተጋቡ፣ በእምነታቸው የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን አባላት የሆኑ ባልና ሚስት ናቸው። ሁለቱም ያዜማሉ። ሦስተኛው፣ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ፣ በየዘመኑ ይለዋወጥ ነበር፤ በመጀመሪያ ጆን ኒኮልስ፣ ቀጥሎም ለአሥር ዓመት ያህል ዛክ ሳሊ፣ ከእርሱም በኋላ ሌሎች ቦታውን ይዘዋል። ፓርከር እንደ ሌሎቹ የሮክ ድራም መቺዎች በከበሮና በጸናጽል ተከብባ አትቀመጥም፤ ቆማ፣ አንድ ሁለት ከበሮና አንድ ጸናጽል ብቻ አስቀምጣ፣ አብዛኛውን ጊዜም በዱላ ፈንታ በሽቦ ብሩሽ ትመታ ነበር። ከመሣሪያው ቁጥር ጀምሮ ነገራቸው ሁሉ ጾመኛ ነበር ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው አልበማቸው «አይ ኩድ ሊቭ ኢን ሆፕ» በ1994 ወጣ። ርእሱ በተስፋ መኖር ይቻለኝ ነበር እንደ ማለት ነው። ክሬመር በሚል ስም የሚታወቀው ሙዚቀኛ ያዘጋጀው ይህ አልበም 11 ዘፈኖች ሲኖሩት የሁሉም ርእስ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ቃላት»፣ «ፍርሃት»፣ «ባሕር»፣ «ገመድ» እያለ ይቀጥላል። እሹሩሩ የሚል ትርጉም ያለው «ላላባይ» ወደ 10 ደቂቃ ይጠጋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ ዘፈኑ ከሹክሹክታ ተነሥቶ፣ አድማጩ መቼ እንደ ተለወጠ ሳያውቀው ቆሞ ይሄዳል። ሐያስያን ለዚህ ዓይነቱ አጨዋወት ዝግታን የሚያመለክት «ስሎውኮር» የሚል ስም አወጡለት። ባልና ሚስቱ ግን ስያሜውን አልወደዱትም። ምክንያቱን ለመረዳት አይከብድም፤ ዝግታው ለእነርሱ መንገድ እንጂ መድረሻ አልነበረም።

በዓቢይ ጾም በገና ሲደረደር ለሰማ ሰው ዝግታና ዝቅታ አዲስ ነገር አይሆኑበትም። አዲስ የሚሆንበት ሁለቱ ድምፆች እንዴት እንደሚገናኙ ነው። በኢትዮጵያ ባህላዊ ዜማ አብረው የሚያዜሙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ዜማ በኅብረት ያወጣሉ። ስፓርሃውክና ፓርከር ግን አንዱን ቃል በአንድ ቅጽበት በሁለት ልዩ ልዩ ከፍታ ያወጡታል፤ የእርሷ ከላይ፣ የእርሱ ከታች ሆኖ፣ እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን ይጓዛሉ። ከሁለቱ መካከል ማንኛቸውም የማያወጡት አንድ ሦስተኛ ነገር ይሰማል። በ28 ዓመት ውስጥ በወጡት 13 አልበሞች አሳታሚው፣ ስቱዲዮው፣ የቀረጻው ስልት፣ የጊታሩ ድምፅ፣ ዝግታው ራሱ ሳይቀር ተለውጧል። ሳይለወጥ የዘለቀው ይህ ጎዳና ብቻ ነው። የሎውን ሥራ ሁሉ በተከታታይ መስማት አንድ ትዳር በየጊዜው ቤት ሲቀይር እንደ ማየት ያለ ነው።

በ1996 የወጣው ሦስተኛው አልበም ከ14 ደቂቃ በላይ የሚረዝም «ዱ ዩ ኖው ሃው ቱ ዋልትዝ» የተሰኘ ሥራ ይዟል። የዚህ ዘፈን ታሪክ በቀረጻው አላበቃም። በሰኔ 2013 በሚኒያፖሊስ በተዘጋጀ የአደባባይ የሙዚቃ በዓል ላይ ቡድኑ የተሰጠውን 27 ደቂቃ ያህል ሙሉውን በዚህ በአንድ ዘፈን ብቻ ጨረሰው። ታዳሚው ግማሹ ተመሰጠ፣ ግማሹ ተቆጣ። ስፓርሃውክም በመጨረሻ ሦስት ቃል ብቻ ተናግሮ ወረደ። «ድሮን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ ሳይቋረጥ የሚያስተጋባ ወፍራም ድምፅ፣ ሌላው ሰው አልባ አውሮፕላን ነው። የተናገረውም የመጀመሪያው ይሁን፣ ሁለተኛው ይቅር የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያች ከተማ በዚህ መፈክር ስም ለ28 ሰዓት የሚዘልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተጀምሮ ገቢው ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ሲሰጥ ቆይቷል። ቃሉ በዚህ ቀጠና ባለፉት ዓመታት ምን ዓይነት ትዝታ እንደ ተጫነበት ለአንባቢ መንገር አያሻም።

በ1999 እና በ2001 የወጡትን ሁለት አልበሞች የቀረጸው የቺካጎው ስቲቭ አልቢኒ ነው። በ2024 ያረፈው አልቢኒ ራሱን አዘጋጅ ከማለት ይልቅ የቀረጻ ባለሙያ ማለትን የመረጠ፣ በክፍሉ ውስጥ የነበረውን ድምፅ ሳያሽሞነሙን እንዳለ ማስቀረትን ሥራዬ ያለ ሰው ነበር። ዝምታን እንደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ለሚጠቀም ቡድን ከዚህ የተሻለ አገናኝ ሊገኝ አይችልም። ከሁለቱ የኋለኛው፣ «ቲንግስ ዊ ሎስት ኢን ዘ ፋየር»፣ በእሳት ስላጣናቸው ነገሮች የሚል ስም አለው። የሚዘጋውም «ኢን ሜታል» በሚል ዘፈን ነው። የባልና ሚስቱ የመጀመሪያ ልጅ በተወለደችበት ዘመን የተሠራው ይህ ዘፈን የወላጅን የማይቻል ምኞት ይናገራል፤ ሕፃኗ ሳታድግ፣ የመጀመሪያ ጫማዎች በብረት ተለብጠው እንደሚቀመጡ፣ እርሷም እንዲሁ እንዳለች ብትቀርልን የሚል ምኞት። ልጅ በብረት ተለብጦ አይቀመጥም። ድምፅ ግን ይቀመጣል፤ ቀረጻ ማለት ይኸው አይደለምን? ለዚህም ነው ይህ ዘፈን ከዓመታት በኋላ፣ ማንም ባላሰበው መንገድ፣ የቡድኑን ሥራ ሁሉ መተርጐሚያ ቁልፍ ሆኖ የተገኘው።

ቡድኑ በዝግታው ብቻ ቢኖር ኖሮ እዚህ ላይ ሥራው ተጠናቅቆ ነበር። በ2005 ግን የኒርቫናን የመጀመሪያ አልበም ወዳሳተመው ወደ ሲያትሉ ሰብ ፖፕ ተሻግሮ፣ ከዴቭ ፍሪድማን ጋር «ዘ ግሬት ዲስትሮየር» የተባለውን አልበም አወጣ። በ1993 የሸሹትን ጩኸት በ12ኛ ዓመታቸው በገዛ ፈቃዳቸው አስገቡት። ከቀድሞ አድማጮች ጥቂት የማይባሉት ቅር ተሰኙ፤ ይሁን እንጂ የሌድ ዜፕሊኑ ሮበርት ፕላንት ከዚሁ አልበም ሁለት ዘፈኖችን መርጦ በ2010 በራሱ አልበም ላይ አዜማቸው። በ2007፣ የኢራቅ ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት፣ የወጣው «ድራምስ ኤንድ ገንስ» ደግሞ ድምፆቻቸውን በብዙው ወደ አንድ ወገን ገፍቶ ሌላውን ወገን ለማሽን ምት ይተወዋል። በጆሮ ማዳመጫ ለሚሰማው ሰው ምቾት የለውም፤ ምቾት እንዲኖረውም አልተፈለገም። እውነቱን ለመናገር ከ13ቱ ደጋግሞ ለማድመጥ የሚከብደው ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ የጥሞና ዘመን መጣ። የ2011ዱ «ከሞን» በዱሉት በሚገኝ፣ ቀድሞ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በነበረ ሕንፃ ውስጥ ተቀረጸ። በ2013 ጄፍ ትዊዲ ባዘጋጀው «ዚ ኢንቪዝብል ዌይ» ላይ ፓርከር ከ11ዱ ዘፈኖች አምስቱን መሪ ሆና አዜመች። ከዚያ በፊት በአንድ አልበም አንድ ወይም ሁለት ዘፈን ብቻ መምራት ልማዷ ነበር። እርሷን ከኋላ ሆና የምትደግፍ አድርጎ ይቆጥር የነበረ ሰው በዚህ አልበም ይታረማል፤ ቤቱ የቆመበት ምሰሶ የማን ድምፅ እንደ ነበረ እዚህ ላይ ጎልቶ ይሰማልና።

የመጨረሻዎቹን ሦስት አልበሞች የሠሩት ከቢጄ በርተን ጋር ነው። ከእነዚህ መካከል በ2018 የወጣው «ደብል ኔጋቲቭ» የመጀመሪያ ዘፈኑ ሲጀምር መሣሪያው የተበላሸ ያህል ያስደነግጣል። ጊታሩ ጊታር መሆኑ አይለይም፤ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይደፈናል፣ ይንፏቀቃል። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ መዘውር እያዞረ፣ በሚንኮሻኮሸው ድምፅ መካከል የሩቅ አገር ወሬ ሲፈልግ ያደገ ሰው ግን ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ከዚያ ሁሉ ትርምስ ሥር ሁለት ሰዎች ያዜማሉ። ቃላቱ ግማሹ ይሰማል፣ ግማሹ ይዋጣል፤ አድማጩም ወደ ድምፁ ተጠግቶ ከጩኸቱ ውስጥ ትርጉም ለመለቀም ይገደዳል። በ1994 ዝቅ ባለ ድምፅ ያገኙትን ያንኑ የአድማጭ ጥሞና አሁን በሁካታ አገኙት። በ2021 በወጣው «ሄይ ዋት» ደግሞ ባልና ሚስቱ ሦስተኛ ሰው ሳይጨምሩ ሁለት ብቻ ሆነው ቀረቡ፤ ማሽኑ እንደ ወጀብ ሲያጓራ ድምፆቻቸው ከላይ ጥርት ብለው ይሰማሉ። አልበሙ በቀረጻው ጥራት ለግራሚ ሽልማት ታጭቷል።

ፓርከር የእንቁላል እጢ ካንሰር እንዳለባት የታወቀው «ሄይ ዋት» ከመታተሙ በፊት፣ በ2020 መጨረሻ ላይ ነበር። ሕመሟን ለሕዝብ የተናገረችው በ2022 መጀመሪያ ሲሆን በዚያው ዓመት ኅዳር 5 ቀን በ55 ዓመቷ አረፈች። ሎውም በዚያው ቀን አበቃ፤ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ይተካል፣ አዘጋጅ ይለወጣል፣ የዚህ ዜማ ግማሽ ግን በማንም አይተካም።

ስፓርሃውክ ለብቻው የሠራቸው ሁለት አልበሞች ይህንን የሚያውቅ ሰው ሥራዎች ናቸው። በ2024 የወጣው «ዋይት ሮዝስ፣ ማይ ጎድ» ላይ የገዛ ድምፁን በማሽን ለውጦ፣ አቅጥኖና አጣምሞ፣ የማይታወቅ እስኪሆን ድረስ ደበቀው። ለብዙ ዓመታት ከሌላ ድምፅ ጋር የኖረ ድምፅ ብቻውን ሲቀር መልኩን ለማሳየት ያፈረ ይመስላል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2025፣ ከዱሉቱ የአውታር መሣሪያ ቡድን ከትራምፕልድ ባይ ተርትልስ ጋር በሠራው አልበም ደግሞ በተፈጥሮ ድምፁ ተመለሰ። «ሄቨን» የተሰኘው ዘፈን በሁለቱም አልበሞች ይገኛል፤ በመጀመሪያው በማሽን ተሸፍኖ፣ በሁለተኛው ተገልጦ። በዚሁ በሁለተኛው አልበም፣ «ኖት ብሮክን» በተሰኘው ዘፈን፣ ከእርሱ ጋር የምታዜመው ልጁ ናት። አልተሰበረም የሚል ትርጉም ያለውን ርእስ ከታሪኩ ጋር አገናኝቶ መስማት የአድማጩ ፈንታ ነው።

እንግዲህ «ኢን ሜታል» የተመኘው ነገር በሁለት መንገድ ተፈጽሟል ለማለት ይቻላል። እናቲቱ በብረት እንደ ተለበጠ ጫማ በ13 አልበሞች ውስጥ ቀርታለች፤ በ1994 ያወጣችው ድምፅ ዛሬም በዚያው ከፍታ፣ ሳያረጅና ሳይደክም ይሰማል። ልጂቱ ግን ምኞቱን እምቢ ብላ አደገች፤ በማደጓም ከአባቷ ጎን ቆማ ለማዜም በቃች። ቀረጻ የሞተውን ከመረሳት ያድናል፤ ለሕያው ሰው መልስ መስጠት ግን አይችልም፤ ለዚያ ሌላ ሕያው ሰው ያስፈልጋል። ለአድማጭ የሚተርፈው ጥሞና ነው። ከአንዱ አልበም ይጀምር፤ በምሽት፣ ሥራ ሳይዝ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ይታገሥ። የላይኛውን ድምፅ ከታችኛው ለይቶ መስማት ሲጀምር፣ ባልና ሚስቱ ያንን ሁሉ ዓመት ሲጠብቁት የነበረው ነገር ምን እንደ ሆነ ይገባዋል።