እጅ ከመጫናችን በፊት

የንባብ ክፍል፦ ማርቆስ 7፥31-37



በዚህ የወንጌል ክፍል ሰዎች መስማት የተሳነውንና መናገር የሚቸግረውን ሰው ወደ ጌታ አመጡ፤ እጁን እንዲጭንበትም ለመኑት። እኛ ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ ቸኩለን ወደ ተአምሩ እንሄዳለን። ጌታ ግን ከተአምሩ በፊት አንድ ነገር አድርጓል፤ ሰውየውን ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው። ከጩኸቱና ከግፊያው አወጣው። ዛሬ በዚህች የመጀመሪያ እርምጃ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ በአጥቢያዎቻችን ውስጥ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችና ወጣቶች ስላሉ ነገሩ በቀጥታ ይመለከተናል።

ኦቲዝም ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ፣ ከሕፃንነት የሚጀምር ሁኔታ ነው። እርግማን አይደለም፤ የወላጅ ኃጢአት ቅጣትም አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ ዓይነ ስውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአተኛው ማን እንደ ሆነ ሲጠይቁ ጌታ ጥያቄውን ራሱን እንዳልተቀበለ እናስታውስ (ዮሐንስ 9)። ኦቲዝም ካለባቸው ብዙዎቹ ድምፅን፣ ብርሃንንና ንክኪን የሚሰሙት እኛ በምንሰማበት መጠን አይደለም። ለእኛ ሞቅ ያለ አምልኮ የሆነው የሞንታርቦ ድምፅ ለእነርሱ ሕመም ሊሆን ይችላል። ድንገት ትከሻቸውን ነካ ስናደርጋቸውም ይደነግጣሉ። የሚገርመው ግን፣ ጠበቅ ያለና በሰውነት ላይ እኩል የሚያርፍ ጫና ከእነርሱ መካከል ብዙዎችን ያረጋጋል። ባለሙያዎች ይህን የጥልቅ ጫና ሕክምና ይሉታል፤ ከባድ ብርድ ልብስ፣ ጠበቅ ያለ ሰደርያ፣ ጠንከር ያለ እቅፍ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ይህን ነገር ለዓለም ያስተዋወቁት አሜሪካዊቷ ቴምፕል ግራንዲን ናቸው። እርሳቸው ራሳቸው ኦቲዝም ያለባቸው ሲሆኑ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። በልጅነታቸው መታቀፍን ይናፍቁ ነበር፤ ሰው ሲያቅፋቸው ግን ስሜቱ ከአቅማቸው በላይ ስለሚሆንባቸው ይሸሹ ነበር። አንድ ጊዜ በአሪዞና፣ በአክስታቸው የከብት እርባታ፣ ከብቶች ለክትባት ከሁለት ጎን በሚጫናቸው መያዣ ውስጥ ሲገቡ አንዳንዶቹ ረጋ እንደሚሉ አዩ። በ18 ዓመታቸውም ለራሳቸው የሚሆን ተመሳሳይ መሣሪያ ሠሩ። በኋላ በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆነዋል። ለእኛ ትልቁ ትምህርት ግን ይህ ነው፦ መሣሪያውን የሚያጠብቁትም የሚያላሉትም እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ያልቻሉትን እቅፍ የቻሉት ልኩ በእጃቸው ስለ ነበረ ነው።

ነገሩ ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን የሚያለቅስ ሕፃን በአንቀልባ ጠበቅ አድርገው ሲያዝሉት ጸጥ እንደሚል ያውቃሉ። በባሌ ደጋ ብርድ ከቡልኮ ሥር ያደረ ሰው የዚያ ክብደት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ሌላ ሰው አያስረዳውም።

ከጎባ ተነሥተን የሳነቴን አምባ አቋርጠን ወደ ደሎ መና ስንወርድ ሪራን እናገኛለን። ሳነቴ ላይ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ቁልቁል ሲወረድ ጉሙ ይውጠናል፤ የሐረና ደን ይጀምራል፤ በዛፎቹ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች ይታያሉ። በዚያ አንድ አማኝ ቤተሰብ ልንጠይቅ ገብተን ነበር። የቤቱ ወጣት 17 ዓመቱ ነው፤ ጥቂት ቃላት ብቻ ይናገራል። ስንገባ ጥግ ላይ ቡልኮ ደርቦ ተቀምጧል። ልንጸልይለት እንደምንፈልግ ለእናቱ ነገርናቸው።

“ይጸልዩ እንጂ ፓስተር፤ ግን እጅዎን አያስቀድሙበት” አሉን። “ቡልኮውን እንኳ እኔ አልጭንበትም። ሲጨንቀው ራሱ ያመጣዋል፤ ‘እናቴ፣ ጫኚ’ ይለኛል፤ እጫንለታለሁ። ሲበቃው ይገፋዋል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ውኃ በጀሪካን ሲሸከም ቀኑን ሙሉ ሰላም ነው።”

እኚህ እናት ስለ ሕክምናው ያነበቡት ነገር የለም። ልጃቸውን ግን አንብበውታል። እኛም በዝግታ፣ ራቅ ብለን ጸለይን። ትንሽ ቆይቶ ወጣቱ ተነሥቶ መጣ፤ እጃችንን ይዞ በትከሻው ላይ አኖረና በራሱ መዳፍ ከላይ ተጫነው። ሲበቃው አነሣው። እኛም አሜን አልን።

ወገኖቼ፣ ይህን ስንጽፍ ጫና ኦቲዝምን ይፈውሳል እያልን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝ አገር ኦቲዝም ባለባቸው 67 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ይፋ ሆኖ ነበር። ከባዱን ብርድ ልብስ ከተራው ጋር ሲያወዳድር የልጆቹን የእንቅልፍ ሰዓት እንዳልጨመረ አገኘ፤ ሆኖም ልጆቹም ወላጆቹም ከባዱን መርጠዋል። የሚያሳርፍ ነገር ሁሉ ፈውስ አይደለም፤ ማሳረፍም ግን ትንሽ ነገር አይደለም። ኤልያስ ሞትን በለመነበት ቀን መልአኩ በመጀመሪያ ዳሰሰው፣ አበላው፣ እንደገናም ተኛ (1 ነገሥት 19)።

ጫናው በሌላ ሰው እጅ ሲገባ ደግሞ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ፣ በኬቤክ፣ ኦቲዝም ያለበት የ9 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤት በከባድ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከቆየ በኋላ ሕይወቱ አልፏል። ልጁ ራሱ ሊገፋው የማይችለው ክብደት እስራት ነው። ስለዚህ ፊትና ራስ አይሸፈን፤ ልጁ አይጠቅለል፤ ብቻውን አይተው። የመተንፈስ ችግር ወይም የሚጥል በሽታ ካለበት አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በአዲስ አበባ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ የልጃቸው ኦቲዝም መነሻ ሆኗቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም ልጆቻቸውን በቤት የሚደብቁ ቤተሰቦች ከኀፍረት እንዲወጡ ሲደክሙ ኖሩ። እነዚያ ቤተሰቦች ሲወጡ ከሚሄዱባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛ ደጅ ነው። ታዲያ ምን ያገኛሉ?

አጋንንት የለም አንልም፤ የጌታ ስም ሥልጣን እንዳለው እናምናለን። ነገር ግን ማቴዎስ 4፥24 ሕመምተኞችንና አጋንንት ያደሩባቸውን ለይቶ ይቆጥራል። በንባባችን ያለውንም ሰው ጌታ የፈወሰው ጋኔን ገሥጾ አይደለም። ጆሮውን ይዞ የሚጮኽን ወጣት አራት ሰው ሆነን ይዘን፣ መሬት ላይ አስተኝተን፣ በጆሮው ማይክ ብንጮኽበት ይባስ ይጮኻል። ያን ጩኸት የጋኔን ምስክርነት አድርገን ብንወስደው ፍርዳችን የተሳሳተ ይሆናል፤ ልጁም ከዚያ ወዲያ የጸሎት ቤት ደጃፍ ሲያይ ይንቀጠቀጣል።

ቋንቋችን ራሱ ያስተምረናል። ሸክም እንጭናለን፤ እጅም እንጭናለን። ቃሉ አንድ ነው፤ ሸክም መሆኑን ወይም በረከት መሆኑን የሚያውቀው የሚጫንበት ሰው ነው። ጌታ ዓይነ ስውሩን በርጤሜዎስን ሳይቀር ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠየቀው (ማርቆስ 10፥51)። ሁሉን የሚያውቀው ከጠየቀ፣ እኛማ እንዴት አንጠይቅ?

በዚህ ሳምንት በየአጥቢያችን ሦስት ነገር እናድርግ። እጅ ከመጫናችን በፊት ወጣቱን እንጠይቅ፤ መናገር ባይችል እናቱን እንጠይቅ፣ ፊቱንም እንይ። ከሞንታርቦው ራቅ ያለች ጸጥ ያለች ክፍል እናዘጋጅ፤ የፈለገ የሚደርበው ቡልኮ በዚያ ይቀመጥ። ወንበር ማንሣትና ዕቃ መሸከም የሚወድ ወጣት ካለም ከአስተናጋጆች ጋር ያገልግል፤ ሥራው ሰውነቱን ያረጋጋዋል፣ ለአካሉም ብልት ይሆናል።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ ከሕዝቡ ለይተህ በዝግታ የዳሰስህ አንተ ነህ። እጃችንን ቀድሰው፤ መጫንን ብቻ ሳይሆን መጠበቅንም አስተምረው። በየቤቱ ጥግ የተቀመጡትን ልጆችህን እና ሌሊቱን አብረዋቸው የሚያነጉ እናቶችን አሳርፍ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።